ቤት ስትለቁ ዕቃችሁን የት ታስቀምጣላችሁ? በጎጃም ከተሞች ርካሽና ደረቅ ክፍል የማግኘት ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ሰኔ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ተዛወረች። ባሕር ዳር ያገኘቻት ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሶፋው፣ ብፌው፣ ፍሪጁ፣ የእናቷ መሶብ የት ይግባ? «ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?» ብላ ደወለችልኝ። ይህን ጥያቄ በዓመት ስንቴ እንደምሰማው! መምህሩ ይዛወራል። ተማሪው ለክረምት ቤተሰቡ ጋ ይሄዳል። ቤት የሚያሠራው ሰው አሮጌውን አፍርሶ ለጥቂት ወራት ይከራያል። ውጭ አገር የሚሄደውም ዕቃውን የሚጥልበት ይቸግረዋል።

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋ ንግድ ነው። ረጅም መጋዘን በትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል። ተከራዩ የራሱን ቁልፍ አንጠልጥሎ በወር እየከፈለ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይወጣል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው እንደ ልብ አይገኝም። ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ክፍሎች ግን በየሰፈሩ አሉ። ሰርቪስ፣ ዕቃ ቤት፣ መጋዘን፣ ኮንቴነር እንላቸዋለን። ችግሩ ፍለጋውና ምርጫው ላይ ነው።

እኔ ሁለት ጊዜ ዕቃዬን አስቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ዋጋውን ብቻ አይቼ ገባሁ። ስመለስ ፍራሼ ሻግቶ፣ የመጻሕፍቴ ካርቶን ከታች ርሶ አገኘሁት። በኪራዩ ያተረፍኩትን ሦስት እጥፍ ከስሬ ወጣሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች «ርካሽ» ስል ኪራዩን ብቻ ማለቴ አይደለም። ኪራዩና የሚበላሸው ዕቃ አንድ ላይ ተደምሮ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ

ክፍል ከመፈለጋችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። በግራ በኩል ዕቃውን፣ በቀኝ በኩል ዛሬ ብትሸጡት የሚያወጣውን ዋጋ ጻፉ። ከሥሩ የኪራዩን ድምር፣ የጫኝና አውራጁን፣ የመኪናውን ሒሳብ አስፍሩ። መኪናውን ሁለት ጊዜ ቁጠሩት፤ ማስገቢያም ማውጫም አለው። ብዙ ሰው የማውጫውን ይረሳል።

ለምሳሌ ክፍሉ በወር 1500 ብር ነው እንበል። ለ8 ወር 12000 ብር ይሆናል። ማስገቢያና ማውጫው 3000 ብር ቢፈጅ፣ በጠቅላላው 15000 ብር ወጣ ማለት ነው። ሶፋችሁ አርጅቶ 9000 ብር የሚያወጣ ከሆነና ክፍሉን የሚሞላው እሱ ከሆነ፣ ሽጡት። የቀረው ዕቃ በግማሽ ዋጋ ትንሽ ክፍል ይበቃዋል። በገንዘብ የማይተኩት እንደ መሶብ፣ የእናት ጋቢ፣ የልጆች ፎቶ ያሉት ቦታም ብዙ አይፈጁም።

የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ካርድና ወርቅ ግን ምንም ቢሆን ክፍል ውስጥ አይተዉም። ወይ ይዛችኋቸው ሂዱ፣ ወይ ለቅርብ ሰው በእጅ ስጡ።

ምን ያህል ቦታ ያስፈልጋችኋል?

በዓይን አትገምቱ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ የጭነት መኪና ነው። ዕቃችሁ አንድ አይሱዙ ሞልቶ የሚጫን ከሆነ፣ በደንብ ከተደራረበ 3 በ3 ሜትር የሆነ ክፍል ይይዘዋል። ግማሽ አይሱዙ ከሆነ 2 በ3 ይበቃል። የአንድ ተማሪ ዕቃ፣ ማለትም አልጋ፣ ፍራሽ፣ ሁለት ካርቶንና አንድ ሻንጣ፣ የሰው ክፍል ጥግ ላይ ያልቃል። ለሱ ሙሉ ክፍል መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው።

አልጋው ይፈታ። የጠረጴዛው እግር ይውለቅ። ባለ ሦስቱ ሶፋ በጎኑ ይቁም። ይህን ብቻ ብታደርጉ የምትከራዩት ክፍል ብዙ ያንሳል።

የት ትፈልጋላችሁ?

ከዘመድና ከጓደኛ ጀምሩ። በነፃ ይሁን አትበሉ። «በወር ይህን ያህል ልስጥህ» ብላችሁ ቁርጥ ዋጋ አቅርቡ። በነፃ የተቀመጠ ዕቃ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ወንበሩ ለድግስ ይወጣል፣ ፍራሹ እንግዳ ይተኛበታል። ትንሽም ብትሆን የሚከፈልበት ዕቃ ይከበራል።

ቀጥሎ በየግቢው ያሉ ሰርቪስ ክፍሎች ናቸው። ለእኔ ከሁሉም የሚሻሉት እነሱ ናቸው። ባለቤቱ እዚያው ያድራል፣ ውሻ አለ፣ በር ይዘጋል። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ጊዜውን ተጠቀሙበት። ፔዳና ፖሊ በሚባሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አካባቢ ለተማሪ የሚከራዩ ክፍሎች ተማሪ ሲወጣ ባዶ ይቀራሉ። አከራዩ ባዶ ከሚቀርበት በቅናሽ ቢሰጥ ይመርጣል። ግን ተማሪው ሲመለስ «ልቀቁልኝ» ሊላችሁ ይችላል። እስከ መቼ እንደሚሰጣችሁ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ዋጋው ከከበዳችሁ ከመሀል ከተማው ራቅ በሉ። ዕቃ ሥራ አይሄድም፣ ታክሲ አይሳፈርም፤ ዓባይ ማዶም ቢቀመጥ ግድ የለውም።

ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ ሞጣ ላይ ደግሞ ሱቅ ያላቸውን ሰዎች ጠይቁ። ከሱቅ ጀርባ ያለ ዕቃ ቤት ብዙ ጊዜ ግማሹ ባዶ ነው። የዕድር ዕቃ ቤት ያለበት ሰፈር ከሆነም ኃላፊዎቹን ማነጋገር አይከፋም። ድንኳኑና ብረት ድስቱ ከተቀመጠበት ጎን ጥግ ሊሰጧችሁ ይችላሉ።

ደላላ መጠቀም ነውር አይደለም። ግን «ለዕቃ ማስቀመጫ ነው፣ ሰው አይኖርበትም» ብላችሁ ንገሩት። ካልነገራችሁት መብራትና ውኃ ያለው ውድ ቤት እያሳየ ቀናችሁን ይበላዋል። ኮሚሽኑንም ቤት ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ።

የእህል መጋዘን ጥግ ብዙ ጊዜ በጣም ርካሽ ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ቡሬና ፍኖተ ሰላም የበርበሬ አገር ናቸው። በርበሬ ከተከማቸበት ክፍል የወጣ የስፖንጅ ፍራሽ ሽታውን ለወራት አይለቅም። ይህን በራሴ ፍራሽ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ያስቀመጥኩት እንዲህ ያለ ቦታ ነበር። ሌሊት እያስነጠሰኝ እነሣ ነበር። በመጨረሻ ፍራሹን ጣልኩት።

ከበርበሬው የባሰ ደግሞ የነቀዝ ክኒን አለ። ነጋዴዎች እህል እንዳይነቅዝ የሚጨምሩት ክኒን ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሰው ይገድላል። መዳብንም ይበላል። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሽቦ መዳብ ነው። ስለዚህ «እዚህ መጋዘን ውስጥ የነቀዝ መድኃኒት ትጠቀማላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ዋጋው ነፃ ቢሆን እንኳን ተዉት። ዕቃችሁን ልታዩ ስትገቡ የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ።

ለሁለት ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። መናኸሪያ አካባቢ ካሉ ፔንሲዮኖች አንዱን ጠይቁና ሻንጣችሁን በጥቂት ብር አስቀምጡ።

ክፍሉን ስታዩ

ይህኛው ደረጃ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዕቃን የሚያጠፋው ከሌባ ይልቅ እርጥበት ነው። ክረምታችን ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱና ጭጋጉ ይታወቃል። እንጅባራ ዝናቡ የባሰ ነው።

ክፍሉን ከቻላችሁ ዝናብ በዘነበ ማግሥት እዩት። ግቡና በሩን ከውስጥ ዝጉት። ጨለማ ውስጥ ሆናችሁ ወደ ቆርቆሮው ቀና በሉ። እንደ ኮከብ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ካያችሁ የሚስማር ቀዳዳ ነው። ብርሃን በገባበት ውኃም ይገባል። አንድ ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ባለቤቱ እንዲደፍነው ጠይቁ። ብዙ ከሆነ ሌላ ክፍል ፈልጉ።

ከዚያ ቁጢጥ በሉና መዳፋችሁን ከግድግዳው ታችኛው ክፍል ላይ አሳርፉ። ከላይኛው ይልቅ የሚቀዘቅዝና የሚርስ ከሆነ ከመሬት ውኃ እየሳበ ነው። ቀለሙ ከታች ተልጦ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አውጥቶ ብታዩም ያው ነው። ጭቃ ቤት ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በደንብ የተመረገና መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ያለ ጭቃ ቤት፣ ውኃ ከሚስብ የብሎኬት ቤት በስንት ጣዕሙ!

ኮርኒስ አለው? ከሌለው ቆርቆሮው በብርድ ሌሊት ያልበዋል። ጠዋት ላይ ያ ላብ ይንጠባጠባል። ባሕር ዳር ላይ ችግሩ ሙቀትም ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ፕላስቲክ ሊጣመም፣ ሻማም ሊለሰልስ ይችላል።

ምስጥ ደግሞ ምልክት አለው። ግድግዳው ወይም ምሰሶው ላይ ቀጭን የአፈር መንገድ ተሠርቶ ታገኛላችሁ። ምሰሶውን በቁልፍ ጫፍ ኳ ኳ አድርጉት። ባዶ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ተበልቷል። እዚያ ክፍል የእንጨት ዕቃ አይገባም።

ባለቤቷንም አነጋግሩ። የጥያቄው አቀራረብ ለውጥ አለው።

«እትዬ፣ ይቺ ክፍል ክረምት ላይ ታፈሳለች እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም! ምን ሲደረግ!»

ማንም እንዲህ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ሌላ ጠይቁ።

«ባለፈው ነሐሴ እዚህ ውስጥ ምን ነበር?»

«ጤፍ ነው የነበረው ልጄ። በመስከረም ነው ያወጣነው።»

ይህ ጥሩ መልስ ነው። ማንም ሰው ጤፉን በሚያፈስ ቤት አያስቀምጥም። «እንጨትና ከሰል» ካሉ ግን ገና አልተፈተነም ማለት ነው። ጤፍ የነበረበት ቤት ግን አይጥ ሊለምደው ስለሚችል ጥግ ጥጉን በባትሪ እዩ። ቀዳዳ ካለ በሲሚንቶና በድንጋይ ይደፈን። የአይጥ መርዝ ባትበትኑ ይሻላል፤ ግቢው ውስጥ ሕፃናትና ዶሮ አሉ። ወጥመድ ይበቃል።

በመጨረሻ በሩን እዩ። ጓጉንቸር ብቻውን ምንም አያደርግም። ማጠፊያው ከውጭ በሚፈታ ብሎን ከታሠረ ሌባው ቁልፉን ሳይነካ በሩን ያነሣዋል። ብሎኑን በብየዳ አስነክሱት፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ዋጋና ውል

ስትደራደሩ አንድ ጥሩ መከራከሪያ አላችሁ። ዕቃ ውኃ አይቀዳም፣ መብራት አያበራም፣ እንግዳ አያመጣም፣ አያመሽም። ይህን በትሕትና አስረዱ። የሦስት ወር ቅድሚያ ለመክፈል ከቻላችሁ ደግሞ ቅናሽ ጠይቁ። ከዚያ በላይ ግን አንድ ላይ አትክፈሉ። ክፍሉ ማፍሰስ ቢጀምር መውጣት አለባችሁ።

አከራዩ የሚፈራውንም ተረዱለት። በዚህ ጊዜ የማያውቁት ሰው ያመጣውን የተዘጋ ካርቶን ተቀብሎ ማስገባት ቀላል አይደለም። ስለዚህ መታወቂያችሁን አሳዩ። ካርቶኑን ፊቱ ክፈቱለት። ቀበሌው ተከራይ እንዲያስመዘግብ የሚጠይቀው ከሆነም አብራችሁት ሂዱ። እንዲህ ያደረገ ሰው ዋጋም ይቀነስለታል፣ ዕቃውም እንደ ቤተሰብ ዕቃ ይጠበቅለታል።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ግን በጽሑፍ ይሁን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ኪራይና ስለ አደራ ለየብቻው ይደነግጋል። ልዩነቱ እናንተን ይመለከታል። ክፍሉን ተከራይታችሁ ቁልፉን ከያዛችሁ ጠባቂው እናንተ ናችሁ። ዕቃውን አስረክባችሁት እሱ ቁልፉን ከያዘ ግን አደራ ተቀባይ ነው፤ የመጠበቅና የመመለስ ግዴታ አለበት። የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ሌላ የሚጻፈው ይህ ነው። ከመቼ እስከ መቼ ነው? ወርኃዊው ስንት ነው? ጣሪያው ቢያፈስ ማን ያሠራል? አከራዩ ክፍሉን ሲፈልግ ከስንት ቀን በፊት ይናገራል? እኔ ቢያንስ አንድ ወር እላለሁ። እናንተ ባትኖሩ ማን ነው ዕቃውን የሚያወጣው? ስሙና የመታወቂያ ቁጥሩ ይስፈር። መንገድ ተዘግቶ በቀኑ መድረስ ባትችሉስ? ይህን ማሰብ የግድ ነው። «ቀኑ ቢያልፍ በዚያው ዋጋ ይቀጥላል፣ ዕቃው ከግቢ አይወጣም» የምትል አንድ መስመር ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች። የዕቃው ዝርዝር ከውሉ ጋር ይያያዝ። ሁለት ምስክር ይፈርም። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፤ ምክንያቱ ላይ «የዕቃ ክፍል ኪራይ» ብላችሁ ወሩን ጻፉ።

አስተሻሸግና አደራደር

አያቴ ቤት ጎተራው አራት ድንጋይ ላይ ነበር የቆመው። ልጅ ሳለሁ ከሥሩ እየተሹለኮለክን እንጫወት ነበር። ለምን መሬት ላይ እንዳልተቀመጠ የገባኝ ፍራሼ ከሻገተ በኋላ ነው። ነፋስ ከሥር ካለፈ እርጥበት ከመሬት ወደ ዕቃው አይወጣም፣ ምስጥም ቶሎ አይደርስም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ወለሉ ሊሾ ቢሆንም ብሎኬት ደርድሩ፣ በላዩ ሳንቃ አጋድሙ፣ ከዚያ ዕቃውን ጫኑ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቁ። መሀል ላይ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት መንገድ ተዉ፤ አለዚያ ከኋላ ያለውን ለማየት ሁሉንም ማውጣት ሊኖርባችሁ ነው።

ፍራሽ በፀሐይ ሁለት ቀን ይሰጣ። ከዚያ በጨርቅ ይጠቅለል። ላስቲክ ከላይ ብቻ ይደረግ። ዙሪያውን በላስቲክ አሽጋችሁ ካስቀመጣችሁት ውስጡ የቀረችው እርጥበት መውጫ አጥታ ታሻግተዋለች። የእኔ እንደዚያ ነው የሆነው።

ፍሪጅ ከሁለት ቀን በፊት ይነቀል። በረዶው ቀልጦ ይለቅ፣ ውስጡ ተጠርጎ ይድረቅ። በሩ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ አስገቡና ትንሽ ክፍት ይሁን፤ የተዘጋ ፍሪጅ ሽታው አይጣል ነው። ቆሞ ይጫን፣ ቆሞ ይቀመጥ። ሲጫን የግድ ተጋድሞ ከነበረ፣ ካቆማችሁት በኋላ ሰዓታት ሳታሳርፉት መብራት አትሰኩ።

መሶብና አገልግል ላይ የእንጀራ ፍርፋሪ አይቅር። አይጥ የሚገባው በዚያ ነው። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ፀሐይ አሳዩት፣ በነጠላ ጠቅልላችሁ ከሁሉም በላይ አስቀምጡት። ጋቢና ጥበብ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ናፍታሊን ተጨምሮበት ክዳን ባለው ሻንጣ ይግባ። መጻሕፍት በትንንሽ ካርቶን ይሁኑ። ትልቅ ካርቶን ሲያነሡት ቂጡ ይቀደዳል።

ጋዝ ሲሊንደር፣ ላምባና ቤንዚን አይገቡም። ጄኔሬተርና ሞተር ሳይክል ካሉ ነዳጃቸው ይንጠፍ። ከሬዲዮና ከሪሞት ባትሪውን አውጡ።

ሲጫን እናንተ እዚያው ሁኑ። ጫኝና አውራጆች ብዙ ቦታ ሰፈር ተከፋፍለው ነው የሚሠሩት። መኪናው ቆሞ ክርክር ከመጀመሩ በፊት የመጫኛውንም የማውረጃውንም ዋጋ ከሁለቱም ሰፈር ልጆች ጋር ጨርሱ። ዕቃው ትንሽ ከሆነ ማርቆስ ላይ ጋሪ፣ ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ይበቃል።

ሁሉም ከገባ በኋላ በሩ ላይ ቆማችሁ ክፍሉን በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብላችሁ። ቪዲዮውን ለአከራዩም ላኩለት።

ዕቃው ከገባ በኋላ

በወር አንድ ጊዜ ሰው ይየው። እናንተ ካልቻላችሁ ውሉ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ሄዶ በሩንና መስኮቱን ለአንድ ሁለት ሰዓት ይክፈት። ፀሐያማ ቀን ይምረጥ። ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ወሩ እስኪሞላ አትጠብቁ፤ በማግሥቱ ደውሉ። «እትዬ፣ ትላንት የጣለው ዝናብ እንዴት አደረገሽ? ክፍሏ ደህና ናት?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ባለቤቷን ወደ ክፍሉ ያስገባታል። በበዓል ሰሞን «እንኳን አደረሰሽ» ማለትም አትርሱ። ከጓጉንቸሩ ይልቅ ዕቃችሁን የሚጠብቁት እዚያ ግቢ የሚያድሩት ሰዎች ናቸው።

ባልደረባዬ እንዲህ አድርጋ ማርቆስ ላይ አንዲት ሰርቪስ ተከራየች። ሶፋውን ሸጠች። ኅዳር ላይ ሰፋ ያለ ቤት ስታገኝ ዕቃዋን ልናወጣ አብረን ሄድን። ዝርዝሩን ይዘን አንድ በአንድ እያየን ጫንን። የተበላሸው የአንድ ወንበር እግር ብቻ ነው፤ እሱም ሲጫን የተሰበረ። ክፍሉን ጠረግን፣ ብሎኬቱን ለባለቤቷ ተውንላት። ከዚያ ውሉ ሥር «ዕቃዬን በሙሉ ተረክቤያለሁ፣ ክፍሉንና ቁልፉን አስረክቤያለሁ» ተብሎ ቀኑ ተጻፈ። ሁለቱም ፈረሙ። እናንተም ይህችን ፊርማ ሳትይዙ መኪናውን አታስነሡ።